ደብተሩ ማን ጋ ነው? ጅማ ላይ የሠራነው እቁብ ዜሮ ያሳየበት ሐሙስ

ሐሙስ ነበር። ሐሙስ ጅማ ገበያ ነው፤ የሂርማታ ገበያ ከጥንትም የሚቆመው ሐሙስ ነው። ክረምት ስለሆነ ዝናቡም አለ፣ ጭቃውም አለ፣ ባጃጅ ማግኘትም መከራ ነው። እኔ ኮቺ አካባቢ ባለችው ጠባብ ክፍላችን ቁጭ ብዬ ሻይ እየጠጣሁ ነው። ወደ ዘጠኝ ሰዓት ግድም ስልኬ መንጫረር ጀመረ። የቴሌግራም ግሩፓችን ነው። የመጀመሪያው መልእክት "ብሩ የለም" ይላል። ሁለተኛው "የኔም ዜሮ ነው"። ሦስተኛው የድምፅ መልእክት ነው። አንዷ እቁብተኛችን፣ እየሳቀች ይሁን እየተናደደች በማይለይ ድምፅ፣ "ማነው የበላን?" ትላለች።

ከመቀጠሌ በፊት አንድ ነገር ግልጽ ላድርግ። ብሩ ብር አልነበረም። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በ2014 ዓ.ም በክሪፕቶ መገበያየት ሕጋዊ እንዳልሆነ አሳውቋል፤ እኛም በሰው ገንዘብ ልንለማመድ አልፈለግንም። የተጠቀምነው ኢቴሪየም የተባለው ብሎክቼይን ያለውን ሴፖሊያ የሚባል መለማመጃ መረብ፣ ማለትም ቴስትኔት ነው። እዚያ ያለው ሳንቲም በነጻ የሚታደል፣ አንድ ስኒ ቡና እንኳ የማይገዛ ነገር ነው። ታዲያ ለምን ተደናገጥን? እኔም እስካሁን ይገርመኛል። ሰው ስሙ አጠገብ የተጻፈ ቁጥር ሲጠፋበት ቁጥሩ ዋጋ ይኑረው አይኑረው አይጠይቅም መሰለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው የተጀመረው። 12 ሰዎች ነን። ግማሾቻችን ፕሮግራም እንጽፋለን፣ አንዷ ሒሳብ ሠራተኛ ናት፣ ሁለቱ ገና ተማሪዎች ናቸው። ስለ ዲፋይ፣ ማለትም ስለ ያልተማከለ ፋይናንስ፣ ለመማር ብለን ተሰባሰብን። ማንበቡ ሲሰለቸን "ለምን እቁብ አንሠራም?" ተባለ። እቁብ እኮ ባንክ የሌለው ፋይናንስ ነው፤ አያቶቻችን ሲያደርጉት የኖሩት ነው። ስለዚህ አንድ ስማርት ኮንትራት፣ ማለትም የውሉን ደንብ ራሱ የሚያስፈጽም ፕሮግራም፣ ጻፍን። በየሳምንቱ እያንዳንዱ ሰው 100 የመለማመጃ ሳንቲም ያስገባል፣ ተራው የደረሰው 1,200 ይወስዳል። ዕጣውን ግን በወረቀት ነው ያወጣነው፤ ብሎክቼይን ላይ ማንም አስቀድሞ የማይገምተው እውነተኛ ዕጣ ማውጣት ከባድ ስለሆነ፣ ወረቀት ጠቅልለን ኮፍያ ውስጥ ጨምረን አወጣንና ቅደም ተከተሉን ኮዱ ላይ ጻፍነው። ሳቁብን እንጂ ሠርቷል።

ስምንት ሳምንት ያለ ችግር ሄደ። በዘጠነኛው ሐሙስ ነው የ12ቱም ሰው ስልክ ዜሮ ያሳየው።

መጀመሪያ ያደረግነው ኮዱን መጠርጠር ነበር። ሰው ሰብሮ ገባ እንዴ? ከመሃላችን አንዱ የብሎክቼይን መመልከቻ ድረ ገጽ ከፈተና የኮንትራቱን አድራሻ አስገባ። ገንዘቡ እዚያው ነው። ሁሉም ሰው ያስገባው ተቀምጧል፣ ስምንቱም ክፍያዎች ተመዝግበዋል፣ አንዲት ሳንቲም አልተነካችም። ታዲያ ዜሮ ያለን ማነው?

እዚህ ላይ ትንሽ ማብራራት አለብኝ፤ የሚያውቅ ሰው ይህችን አንቀጽ ይዝለላት። ብሎክቼይን ማለት የእቁቡን ደብተር ጸሐፊው ብቻ ሳይሆን እያንዳንዱ እቁብተኛ ቤቱ ይዞት፣ ሁሉም አንድ ዓይነት እንዲሆን እየተያየ የሚጽፍበት አሠራር ነው። ደብተር ያዡ ኮምፒውተር ኖድ ይባላል። ስልክህ ግን ደብተር አልያዘም። ደብተሩ ከባድ ነው፤ ለዋናው ኢቴሪየም 2 ቴራባይት ፈጣን ዲስክ ይመከራል። ስለዚህ ዋሌትህ፣ ማለትም ስልክህ ላይ ያለው የክሪፕቶ ቦርሳ፣ ደብተር ላለው ለሌላ ሰው ይደውልና "እገሌ ስንት አለው?" ብሎ ይጠይቃል። የሚደውልበት መስመር አርፒሲ ይባላል። በዓለም ላይ ብዙ ሺህ ደብተር ያዥ አለ፤ የሚደወለው ግን ለጥቂት ትልልቅ ኩባንያዎች ነው። ምክንያቱም ቀላል ነው፣ ነጻ ነው፣ ዋሌቱም ሲጫን አብሮት ይመጣል።

ሐጂ ይሄንን ከእኛ ቀድመው ነው የገባቸው። ሐጂ የአንዱ ጓደኛችን አባት ናቸው፤ እዚሁ ጅማ መርካቶ መደብር አላቸው፣ ዕድሜ ልካቸውን ቡና ሲነግዱ የኖሩ ሰው ናቸው። ያን ዕለት ዝናብ ሸሽተን እሳቸው ጋ ገባንና ስንጨቃጨቅ ሰሙን።

"ደብተሩ እናንተ ጋ ነው ያለው?" አሉ።

"አይ ሐጂ፣ ሌላ ቦታ ነው። እኛ እየጠየቅን ነው የምናየው።"

"ማንን?"

"አንድ ድርጅት አለ፣ ውጭ አገር።"

"ታውቁታላችሁ?"

"አናውቀውም።"

ዝም ብለው አዩን። ከዚያ "ልጆቼ፣ መጋዘን ያለ ቡና ደረሰኙ ሲጠፋ አይጠፋም። ግን ደረሰኝ ከሌለህ ቡናዬ የት አለ ብለህ ማንን ትጠይቃለህ?" አሉና ወደ ደንበኛቸው ዞሩ። እኛም ላፕቶፓችንን ከፍተን ማን "ዜሮ" እንዳለን መፈለግ ጀመርን።

ያገኘነው ነገር ሼም ነው፤ ግን የጉዳይ ጥናት ብዬ ስለጀመርኩ መደበቅ አልችልም። ሒሳባችንን የምናይበት ድረ ገጻችን በየሁለት ሰከንዱ ለአርፒሲ አቅራቢው አምስት ጥያቄ እንዲልክ ተደርጎ ነው የተጻፈው። የገባው፣ የወጣው፣ ተራው የማን እንደሆነ፣ ምናምን። ስልክ ላይ ገጹን ስትዘጋው ያርፋል። ግን ሁለት ኮምፒውተሮች ላይ ገጹ ለቀናት ተከፍቶ ቀርቷል። አስሉት፦ በሰከንድ አምስት ጥያቄ፣ በቀን 432,000። ማንም ሳያያቸው። የነጻ ኮታችን አለቀ። አቅራቢው "በጣም ብዙ ጠየቃችሁ፣ ቆዩ" የሚል መልስ መላክ ጀመረ። እስከዚህ ድረስ ጥፋቱ የእኛ ነው፤ አቅራቢው ምንም አላጠፋም።

የባሰው ጥፋት ግን ቀጥሎ ነው። ኮዳችን ላይ አንድ መስመር አለች። ትርጉሟ "መልስ ካላገኘህ ዜሮ አሳይ" ነው። የጻፍኳት እኔ ነኝ። ያኔ ገጹ ሲከፈት ባዶ ቦታ እንዳይታይ ብዬ ነው፣ ለመልክ። እና "አላውቅም" መባል የነበረበት ነገር "የለህም" ተብሎ ወጣ። እነዚህ ሁለት ቃላት የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ። ባንክ ሄደህ "ሲስተም የለም" ሲሉህ ትናደዳለህ፤ "ሒሳብህ ባዶ ነው" ቢሉህ ግን ትወድቃለህ። በዓለም ላይ ስንት ገጽ እንዲህ ዓይነት መስመር እንዳለው እንጃ። የናንተ ካለው ዛሬውኑ ፈልጉና አጥፉት።

ከዚያ በኋላ ነው የኢንፉራን ታሪክ በደንብ ያነበብነው። በትልቁ የእኛን ይመስላል።

ኢንፉራ የኮንሰንሲስ ነው፤ ሜታማስክ የሚባለውን ዋሌት የሚሠራው ኩባንያ ማለት ነው። ሜታማስክ ስትጭን፣ አንተ ካልቀየርከው በቀር፣ የሚደውለው ለኢንፉራ ነው። ኅዳር 2 ቀን 2013 ዓ.ም ኢንፉራ ለሰዓታት ተበላሸ። የሆነው እንዲህ ነው። ብዙዎቹ የኢቴሪየም ኖዶች ጌዝ በሚባል ሶፍትዌር ነው የሚሠሩት (ከግዕዝ ጋር ዝምድና የለውም)። በሐምሌ 2012 ጌዝ ላይ አንድ ስህተት ተገኘ። ስህተቱ ሲያዩት ትንሽ ነው፦ ዳታ ቅዳ ሲባል እውነተኛ ቅጂ መስጠት ሲገባው ዋናውን ራሱን ነበር የሚያቀብለው፤ ስለዚህ አንዱ ሲነካ ሌላው አብሮ ይበላሻል። ሠሪዎቹ በዚያው ወር ባወጡት አዲስ ቨርዥን ውስጥ ድምፃቸውን ሳያሰሙ አስተካከሉት። በይፋ ብንናገር አንድ ክፉ ሰው ይጠቀምበታል ብለው ነው። ሰውም ያድሳል ብለው ጠበቁ።

ኢንፉራ አላደሰም ነበር። አሮጌ ቨርዥን ላይ ነበር የቆየው። ከአራት ወር ገደማ በኋላ፣ በዚያች ቀን፣ አንድ ግብይት ሳይታሰብ ስህተቱን ነካው። አዲስ ቨርዥን ያላቸው ኖዶች አንድ ነገር ጻፉ፣ አሮጌ ያላቸው ሌላ ጻፉ። ደብተሩ ለሁለት ተከፈለ። አብዛኛው ሰው በአንዱ በኩል ሲሄድ ኢንፉራ በሌላው በኩል ቀረ። እሱን ተደግፎ የነበረው ሁሉ አብሮ ቀረ። ሜታማስክ ተንገዳገደ። ባይናንስን፣ አፕቢትንና ቢትሃምብን የመሳሰሉ ትልልቅ የክሪፕቶ መገበያያዎች ደንበኞች ኢቴሪየም እንዳያወጡ ለጊዜው አገዱ። ልብ በሉ፣ ኢቴሪየም ራሱ አልቆመም። ብሎክ፣ ማለትም የደብተሩ ገጽ፣ በብሎክ ላይ ሲደረብ ነው የዋለው። ቤሱ ወይም ኔዘርማይንድ የሚባሉትን ሌሎች ሶፍትዌሮች የሚጠቀም ሰው ምንም አልነካውም፤ ስህተቱ የጌዝ ነበርና። የተዘጋው በር ነው፣ ቤቱ አይደለም። ግን ሰው ሁሉ በአንድ በር ከገባ ልዩነቱ ምንድን ነው?

ዝም ብሎ ማረሙ ልክ ነበር ወይ በሚለው ላይ ግሩፓችን ውስጥ ለሁለት ሳምንት ተጨቃጭቀናል። እኔ ከሠሪዎቹ ጋር ነኝ። ስህተቱን ቢያወጁት ያላደሰው ሁሉ በማግስቱ ይመታ ነበር። ሒሳብ ሠራተኛዋ ደግሞ "ሺህ ሰው የተደገፈበትን ነገር የያዘ ኩባንያ ቢያንስ በጆሮው ሊነገረው ይገባ ነበር" ትላለች። ሁለታችንም አልተሸናነፍንም።

ሌላው ታሪክ ደግሞ እኛን በተለይ የሚነካ ነው። የካቲት 24 ቀን 2014 ዓ.ም ቬንዝዌላ ያሉ ሰዎች ሜታማስካቸውን ሲከፍቱ አልሠራ አላቸው። ኢንፉራ የማዕቀብ ሕግ ለማክበር ብሎ ያደረገው ማስተካከያ ከሚገባው በላይ ሰፍቶ ነው። ኩባንያው ስህተት እንደሆነ ተናግሮ አረመው። በዚያው ዓመት ነሐሴ 2 ቀን የአሜሪካ ግምጃ ቤት ቶርናዶ ካሽ የሚባለውን፣ ገንዘብ ከማን ወደ ማን እንደሄደ የሚሸፍነውን ፕሮቶኮል ማዕቀብ ውስጥ ሲያስገባ፣ ኢንፉራና ሌላው አርፒሲ አቅራቢ አልኬሚ ወደዚያ የሚሄድ ጥያቄ ማስተላለፍ አቆሙ። ኮንትራቱ ግን ብሎክቼይኑ ላይ መሥራቱን ቀጠለ፤ ማዕቀቡም በመጋቢት 2017 ተነሳ። ስለ ቶርናዶ ካሽ ጥሩነት መከራከር አልፈልግም፤ ብዙ የተሰረቀ ገንዘብ አልፎበታል። የኔ ነጥብ ሌላ ነው። "ማንም ሊያግድህ አይችልም" ተብሎ የሚሸጥልህ ነገር ውስጥ ሊያግድህ የሚችል ሰው አለ፤ ብዙ ጊዜ ደግሞ አያውቅህም፣ አንተም አታውቀውም። አንድ ሰው ቢሮው ቁጭ ብሎ የአገር ዝርዝር ሲሞላ እጁ ከሳተ ጅማ ያለው ልጅ ዋሌቱ ባዶ ሆኖ ያያል።

በቃ፣ ቁጭ ብለን ቆጠርን። የእኛ "ያልተማከለ" እቁብ ስንት ቦታ ላይ በአንድ ሰው ወይም በአንድ ድርጅት ብቻ ተንጠልጥሏል? አንድ አርፒሲ አቅራቢ። አንድ የድረ ገጽ ማስቀመጫ። በአንድ ልጅ ኢሜይል የተመዘገበ አንድ ዶሜይን፣ ማለትም የድረ ገጹ ስም። ኮንትራቱን ማቆምና መቀየር የሚችል አንድ ቁልፍ፣ እሱም አንድ ላፕቶፕ ላይ። ከዚያ ደግሞ መብራቱና ኔትወርኩ። ስንቆጥር ሳቃችን መጣ። እውነተኛው የሐጂ እቁብ ከኛ የበለጠ ያልተማከለ ነበር፤ ቢያንስ ዳኛውና ጸሐፊው ሁለት ሰዎች ናቸው።

አርፒሲው ላይ መጀመሪያ ያደረግነው ሁለት ተጨማሪ አቅራቢ መጨመር ነው። አንዱ እምቢ ካለ ወደ ሚቀጥለው ይሄዳል። የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ደስ ብሎን ሳንጨርስ አንዱ ተማሪ አድራሻቸውን ሲመረምር ከሦስቱ ሁለቱ እዚያው አንድ ክላውድ ላይ፣ ማለትም የአንድ ኩባንያ የኪራይ ኮምፒውተሮች ላይ፣ የተቀመጡ ሆነው ተገኙ። አዌቱ ወንዝ ላይ ሁለት ድልድይ ሠርቶ ሁለቱንም አንድ ምሰሶ ላይ እንደማሳረፍ ነው። ይሄ ደግሞ ተራ ፍርሃት አይደለም። ጥቅምት 10 ቀን 2018 ዓ.ም የአማዞን ክላውድ በቨርጂኒያ በኩል ሲበላሽ ኮይንቤዝ የሚባለው የክሪፕቶ መገበያያ ተደናቀፈ፣ ኢንፉራም ችግር ገጠመው። ከወር በኋላ ኅዳር 9 ቀን የብዙ ድረ ገጾች መተላለፊያ የሆነው ክላውድፍሌር ሲወድቅ ደግሞ የብዙ ክሪፕቶ አገልግሎቶች ገጽ አብሮ ወደቀ። ሁለቱም ቀን ብሎክቼይኖቹ ሥራቸው ላይ ነበሩ። ስለዚህ አንዱን አቅራቢ አውጥተን ሌላ ቦታ ያለ ተካን።

ቀጥሎ ገጹ አንዱን ብቻ ሳይሆን ሁለቱን እንዲጠይቅ አደረግነው። ሁለቱ ከተስማሙ ቁጥሩን ያሳያል። ካልተስማሙ "ሁለት ምስክሮች የተለያየ ነገር እየተናገሩ ነው" ብሎ ይጽፋል። ይህችን ዓረፍተ ነገር የመረጠችው ሒሳብ ሠራተኛዋ ናት፤ እኔ "የአርፒሲ ስህተት" ልል ነበር፤ ማን ይገባዋል? በኅዳር 2013 አንድ ሰው እንዲህ ያለ ገጽ ቢኖረው ኖሮ መለያየቱን በዓይኑ ያየው ነበር። ትንሽ ተቸግረናል፦ አንዱ አቅራቢ ሁልጊዜ በአንድ ሁለት ብሎክ ስለሚዘገይ በየደቂቃው "ተለያዩ" ይል ጀመር። አሁን የብሎክ ቁጥር ጠቅሶ ነው የሚጠይቀው። ማለትም "አሁን ስንት አለው" አይልም፤ "በዚህኛው ገጽ ላይ ስንት ነበረው" ይላል።

ከዚያ የራሳችንን ኖድ ልናቆም ተነሳን። እዚህ ላይ ብዙ ጀብደኛ ነበርን። አንድ አሮጌ ኮምፒውተር አገኘን፣ ዲስክ አዋጥተን ገዛን። ከ2015 መግቢያ ጀምሮ፣ ማለትም ኢቴሪየም ወደ አዲሱ አሠራር ከተቀየረ ወዲህ፣ ኖድ ለማቆም ሁለት ሶፍትዌር ጎን ለጎን ማስኬድ ያስፈልጋል፤ ሁለቱም ተናበው መሄድ አለባቸው። ሆን ብለን ጌዝን ትተን ኔዘርማይንድን መረጥን፤ አቅራቢዎቹ ጌዝ ላይ ቢሆኑ እንኳ የእኛ ምስክር ሌላ ዓይን እንዲኖረው። እስከዚህ ቆንጆ ነው። ግን ክረምት ነው። መብራት ይሄዳል። ሲመጣ ኖዱ ያመለጠውን ለመያዝ ይሮጣል። ሊደርስበት ሲል ይሄዳል። አንድ ሳምንት ሙሉ አንድም ቀን ከሌሎቹ ጋር እኩል ሳይሆን አለፈ። የኢንተርኔት ፓኬጁም እንደ ጉድ አለቀ። አከራያችን አንድ ማታ ሲያልፉ በሩ ላይ ቆሙና "ይሄ የሚያጉረመርመው ምንድን ነው?" አሉኝ።

"ኮምፒውተር ነው እትዬ።"

"ሌሊትም አይተኛም?"

"መተኛት የለበትም።"

"እንግዲያው ቆጣሪውም አይተኛም" ብለው ሄዱ። በወሩ መጨረሻ የመብራት ሒሳቡ ላይ የኛን ድርሻ አስበው አመጡ። ትክክል ናቸው።

እውነቱን ልናገር፣ እዚህ ተሸንፈናል። "እያንዳንዱ ሰው የራሱን ኖድ ያቁም" የሚለው ምክር መብራት የማይጠፋበት ቦታ የተጻፈ ምክር ነው። ኖዱ አሁንም አለ፤ ግን ምስክር እንጂ ዋና አይደለም። ሲኖር ይጠየቃል፣ ሲተኛ ይታለፋል።

ያዳነን ሌላ ነገር ነው፦ ላይት ክላየንት። ሄሊዮስ የሚባለውን ነው የሞከርነው። አሠራሩ በጣም ደስ ይላል፣ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት። ሄሊዮስ ሙሉ ደብተር አይዝም። መልሱን አሁንም ከአርፒሲ አቅራቢ ነው የሚቀበለው፤ ግን አያምነውም። ኢቴሪየም ላይ በዕጣ የሚመረጡ 512 ፈራሚዎች አሉ፣ በየ27 ሰዓቱ ገደማ የሚቀየሩ፤ የቅርቡን የደብተር ገጽ ማኅተም ይፈርማሉ። ሄሊዮስ ይህችን ማኅተም ይይዛል። ከዚያ አቅራቢው "እገሌ 800 አለው" ሲለው "ማስረጃህን አምጣ" ይለዋል። ማስረጃው ከማኅተሙ ጋር በሒሳብ ካልገጠመ ይጥለዋል። ላፕቶፕ ላይ በሰከንዶች ውስጥ ይነሳል፣ ዲስክ አይበላም፣ መብራት ሲሄድና ሲመጣ ግድ የለውም። በአጭሩ አቅራቢው ሊዋሽህ አይችልም። እምቢ ሊልህ ግን ይችላል፤ ለዚያ ነው ሦስት አቅራቢ የምትይዘው። ሁለቱ ነገሮች ተደጋግፈው ነው የሚሠሩት፤ አንዱ ብቻውን በቂ አይደለም።

የድረ ገጹ ነገር ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ሰው ሁሉ ኮንትራቱ ይሰበራል ብሎ ይፈራል። ኅዳር 23 ቀን 2014 ዓ.ም ባጀርዳኦ የሚባል የዲፋይ አገልግሎት ላይ የሆነው ግን ኮንትራቱ ሳይነካ ነው። ሌቦቹ የክላውድፍሌር ቁልፍ አግኝተው ገጹ ላይ የራሳቸውን ኮድ ሰኩ፤ ተጠቃሚው እንደ ወትሮው ገብቶ "ፍቀድ" ሲል ለሌባው ነው የሚፈቅደው። ወደ 120 ሚሊዮን ዶላር ሄደ። እኛ ይሄንን ካነበብን በኋላ ዶሜይኑ የተመዘገበበትን ኢሜይል ማን ማን ያውቀዋል ብለን ስንጠይቅ አራት ሰው እጁን አወጣ። አራት!

ስለዚህ ገጹን ወደ አንድ ፋይል ጨመቅነውና እያንዳንዱ ሰው እንዲይዘው አደረግን። በቴሌግራም ላክን፣ ዳታ የሌለው በዜንደር ተቀበለ። መጀመሪያ ዋሌቱ ከተራ ፋይል ጋር አልነጋገርም አለ፤ በኋላ ላፕቶፕ ላይ ትንሽ ሰርቨር እያስነሳን ከፈትነው። ስልክ ላይ ብቻ ላለ ሰው ግን አሁንም ዋናው ድረ ገጽ ያስፈልጋል። ይሄ አልተፈታም።

ቁልፉ ላይ ብዙም አልተከራከርንም። ያን ቁልፍ የያዘው ጓደኛችን በዚያው ሰሞን ለቤተሰብ ጉዳይ ገጠር ሄዶ አራት ቀን ኔትወርክ አልነበረውም። አራት ቀን ሙሉ ኮንትራቱን ማንም ሊያቆመው አይችልም ነበር። እድር ያለው ሰው ሁሉ መፍትሔውን ያውቃል፦ ሊቀመንበር፣ ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥ፣ ሦስት ፊርማ። እኛም ከአምስት ቁልፍ ያዦች ሦስቱ ካልፈረሙ ምንም እንዳይቀየር አደረግን። እንግሊዝኛ ሰነድ ስናነብ ሁለት ቀን የፈጀብን ነገር ለሐጂ ስንነግራቸው "እና ድሮስ እንዴት ሊሆን ነበር?" አሉ።

የቀረው የማንችለው ነው። ሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም በአገር ደረጃ ኢንተርኔት ተቋርጦ ለሦስት ሳምንት ገደማ ስንቆይ እዚሁ ጅማ ነበርኩ። እንዲያ ሲሆን ሦስት አቅራቢም፣ 512 ፈራሚም፣ ዜንደርም ምንም አያደርጉልህም። ኮንትራቱ ውጭ አገር ባሉ ኮምፒውተሮች ላይ በሰላም ይኖራል፣ አንተ ግን የለህም። ለዚህ ያለን መልስ የሁለት ድርጅት ሲም መያዝና የሳምንቱን ሒሳብ በወረቀት መጻፍ ነው። ወረቀቱን ሒሳብ ሠራተኛዋ ትይዛለች። በመጋቢት 2016 የአንድ ትልቅ ባንክ ሲስተም በሌሊት ተዛብቶ ሰው ከሌለው ሒሳብ ሲያወጣ፣ እዚህ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሳይቀሩ ኤቲኤም ፊት ያመሹ ጊዜ፣ "ከኮምፒውተር ሌላ የተጻፈ ነገር ይኑረኝ" ማለት ጀመርኩ ትላለች። ያኔ ያሾፍንባት ሁሉ አሁን በየሐሙሱ ወረቀቷን እናያለን።

ባለፈው እሑድ ፈተና አደረግን። ሁላችንም ክፍሉ ውስጥ ተሰብስበን፣ ቡና ተፈልቶ፣ ዋናውን አቅራቢ ሆን ብለን ዘጋነው። ስልኮቹ ላይ "አላውቅም፣ ሌላ እየጠየቅኩ ነው" የሚል ጽሑፍ መጣ። ትንሽ ቆይቶ ቁጥሮቹ ተመለሱ። ጭብጨባ ሆነ። ሁለተኛውንም ዘጋን፤ ገጹ "አንድ ምስክር ብቻ ነው ያለኝ" አለ፣ ቁጥሩን በቀይ አሳየ። ልክ እንደፈለግነው ነው።

የአንደኛዋ ተማሪ ላፕቶፕ ግን ዜሮ ያሳያል። ያ የድሮው ዜሮ። ሁላችንም ተሻምተን አየነው። ለካ በዜንደር ከተቀባበልናቸው ፋይሎች የመጀመሪያውን ነው የያዘችው፤ ያቺ መስመር ሳትጠፋ በፊት የተላከውን። እሷ ደግሞ ለሁለት ሰው አስተላልፋለች፣ ለማን እንደሆነ ትዝ አይላትም። ኢንፉራ አላደሰም ብለን ስንት ቀን ስንስቅ ከርመናል። አሁን ገጹ ራሱ የቨርዥን ቁጥሩን ከኮንትራቱ ጋር እያስተያየ አሮጌ ከሆነ እንዲናገር እየጻፍን ነው፤ እስከዚያ ግን አሮጌውን የያዙት ሁለት ሰዎች እነማን እንደሆኑ ግሩፑ ላይ እየጠየቅን ነው፣ አንዱ ገና አልመለሰም።